ለራዝቤሪ ፓይ ፓወር ባንክ ይሻላል ወይስ ባለ 12 ቮልት ባትሪ?

ሰላም ናችሁ፣ ደብረ ማርቆስም ሁኑ ሞጣ ወይ ፍኖተ ሰላም፣ ክረምት ሲገባ የመብራቱን ነገር እኔ አልነግራችሁም። ራዝቤሪ ፓይ 4 (መዳፍ የምታክል ትንሽ ኮምፒውተር ናት) ላይ ኪዊክስ የሚባለውን ያለ ኢንተርኔት ማንበቢያ ፕሮግራም ጭኜ ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለሰፈሩ ተማሪዎች በዋይፋይ አስነብባለሁ፣ መብራት ጥፍት ባለ ቁጥር ግን ፓይዋም አብራ ጥፍት፣ እንዲህ እያለ ሁለት ኤስዲ ካርድ በላብኝ። ከዛ ወዲህ ያልሞከርኩት ባትሪ የለም። የሚሊአምፒሩን ቁጥር ለጊዜው ተዉትና አንድ ነገር ጠይቁ፣ መብራት ሲሄድ ሳይቆርጥ ይቀጥላል ወይ?

ፓወር ባንክ። 20000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚለው ቁጥር የውስጡ ሴል በ3.7 ቮልት ሲለካ ነው፣ 74 ዋት ሰዓት ማለት ነው፣ ወደ 5 ቮልት ሲቀየር የሚባክነው ተቀንሶ 60 ምናምን ይቀራል። ፓይ 4 በአማካይ 4 ዋት ብትበላ 15 ሰዓት ገደማ ይዛ ትሄዳለች፣ ለመስክ ስራ አሪፍ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ ቻርጅ ሲሰካና ሲነቀል ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ለስልክ ምንም አይደል ፓይ ግን ሪስታርት ታደርጋለች። ስለዚህ ፓይዋን ይዛችሁ ሱቅ ሂዱና እዛው ሰካ ነቀል አድርጉ፣ ባለሱቁ ቢያጉረመርምም ቻሉት። ፒኮን (ትንሿን የራዝቤሪ ፓይ ሰሌዳ) የመሰለ ትንሽ የሚበላ ነገር ከሆነ ደግሞ ምንም አልተሰካብኝም ብሎ ራሱን የሚያጠፋ ፓወር ባንክ አለ።

ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ፣ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ድፍኑ። አሁን ቤት ያለው እሱ ነው። 84 ዋት ሰዓት ቢባልም ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ ከ12 ቮልት በታች ከወረደ እድሜው ያጥራል፣ እና ለፓይ 4 የሚሰጣችሁ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ከፓወር ባንኩ ያነሰ ነው አዎ፣ ግን ከ13.5 እስከ 13.8 ቮልት በሚሰጥ ቻርጀር ሁሌ ተሰክቶ ይቀመጣል፣ መብራት ሲሄድ ፓይዋ ጭራሽ አታውቅም። መሃል ላይ 12 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርድ ስቴፕ ዳውን ያስፈልጋል፣ ኤልኤም2596 የሚባለው 3 አምፒር ይላል እንጂ ቶሎ ይግላል፣ ኤክስኤል4015 ውሰዱ። ፓይዋን ከመሰካታችሁ በፊት በመልቲሜትር 5.1 ቮልት ላይ አስተካክሉት፣ 12 ቮልት በቀጥታ ከገባባት አለቀላት! ባትሪው ጋ ፊውዝም አድርጉ። የሞተር ሳይክል ባትሪ ይሆናል ወይ ለምትሉ፣ እሱ የተሰራው ሞተር ለማስነሳት ነው፣ ቀስ በቀስ ሲጨርሱት ቶሎ ይሞታል።

18650 ሴል (ላፕቶፕ ባትሪ ውስጥ የነበረው ክብ የሊቲየም ሴል) ብየዳ ለሚችልና ለፓይ ዜሮ ብቻ። 9900 ሚሊአምፒር ሰዓት የተፃፈበትን እንዳትገዙ ውሸት ነው፣ ምርጡ እንኳ ከ3500 እስከ 4000 አካባቢ ነው።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ብር ላለው፣ 80 ፐርሰንቱንና ከዛም በላይ ትጠቀሙበታላችሁ፣ ሶላር ካላችሁ ግን ባትሪውን ቻርጅ የሚያደርገው ኮንትሮለር ይህን አይነት ባትሪ የሚደግፍ መሆኑን እዩ።

ፓይ 5 ያላችሁ ደግሞ እሷ 5 ቮልት በ5 አምፒር ነው የምትፈልገው፣ አብዛኛው ፓወር ባንክ በ5 ቮልት ይህን ያህል አይሰጥም፣ ያኔ ትነሳለች ግን የዩኤስቢ በሮቿን 600 ሚሊአምፒር ላይ ትገድባቸዋለች፣ ሃርድ ዲስክ ለሚሰካ ሰው ጣጣ ነው።

ቮልት አነሰ የሚለውን የመብረቅ ምልክት ስክሪን ላይ ካያችሁ ባትሪውን ከመስደባችሁ በፊት ኬብሉን ቀይሩ፣ ቀጭን ኬብል ቮልቱን ከ4.63 በታች ያወርደዋል። ባህር ዳር ያላችሁ ድፍኑን ባትሪ ቆርቆሮ ስር አታስቀምጡት፣ ሙቀት ይጨርሰዋል።