ስለ ስንፈተ ወሲብ ሐኪም ፊት መቅረብ፦ ከ14 ወራት መዘግየት በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ስለ ስንፈተ ወሲብ ሕክምና አብዝቶ የሚያወራው ሕክምናውን ያላየው ሰው ነው፤ ያየው ደግሞ አይናገርም። እኔ የ46 ዓመት ሰው ስሆን፣ በአንድ የወንዶች ጤና ክሊኒክ በሦስት ወራት ውስጥ አራት ጊዜ ተመላልሼ ያገኘሁትን አገልግሎት በጎውንም ጎደሎውንም ሳልደብቅ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ከዚያ በፊት የነበሩትን 14 ወራት በዝምታ ያሳለፍኩት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ባለማግኘቴ ጭምር ስለሆነ ነው። አንባቢን የሚጠቅመው በዚህ ጉዳይ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ምን እንደሚገጥመው ማወቁ ነውና የክሊኒኩን ስም አልጠቅስም።

እነዚያን 14 ወራት መጀመሪያ በሥራ ብዛት፣ ቀጥሎ በእንቅልፍ ማጣት፣ በመጨረሻም በዕድሜ አሳበብኩ። ባለቤቴ "ለምን አትታይም?" ባለችኝ ቁጥር ወሬ እየቀየርኩ፣ በጎን ግን "ከዕፅዋት ብቻ የተቀመመ" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ብልቃጥ ያለ ማዘዣ ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ ደብቄ ነበር። እንክብሉ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜያት ሠራ፤ ነገር ግን ፊቴን እሳት እንደሞቀ ሰው አቀላው፣ አፍንጫዬን ደፈነው፣ ራሴንም ሲፈልጠኝ አደረ። እነዚህ ሲልዴናፊል የተባለው፣ በሐኪም የሚታዘዝ የስንፈተ ወሲብ መድኃኒት የታወቁ የጎንዮሽ ምልክቶች መሆናቸውን የተረዳሁት በኋላ ነው። ተፈጥሯዊ ናቸው እየተባሉ በሚሸጡ መሰል ምርቶች ውስጥ በመለያቸው ላይ ያልተጻፈ ሲልዴናፊል ወይም የቅርብ ዘመዱ የሆነ ንጥረ ነገር በተደጋጋሚ ተገኝቷል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም ስለዚሁ ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። ምን ያህል እንደተጨመረበት የማይታወቅ መድኃኒት የወሰድኩት የደም ግፊቴን እንኳ ሳልለካ ስለነበር፣ ብልቃጡን እንደ ምርት ልገምግመው ብል ከዜሮ የተሻለ ነጥብ አላገኝለትም።

የክሊኒኩ አገልግሎት አጀማመሩ መጥፎ ነበር። ካርድ የምታወጣው ሠራተኛ በመስኮቱ በኩል "ምንዎን ነው የሚያምዎት?" ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትጠይቀኝ ከኋላዬ አምስት ሰዎች ተሰልፈው ነበር። "ሽንት" አልኩ። ውሸቴ እንደ ወረደ ካርዱ ላይ ተጻፈና፣ ሐኪም ከማየቴ በፊት ለሽንት ምርመራ የፕላስቲክ ኩባያ ይዤ በኮሪደሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ተንከራተትኩ። በእርግጥ ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ቢሆንም ይህን ጉዳይ ዋና ሥራው ያደረገ ተቋም ሰው በሹክሹክታ የሚናገርበት ወይም በወረቀት ጽፎ የሚሰጥበት መንገድ ሊያጣ አይገባውም ነበር።

ያየችኝ ሐኪም በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ሴት ነበረች፤ ወንድ ሐኪም ጠብቄ ስለነበር ለመመለስ ዳድቶኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ካርዱን አየችና "እዚህ ላይ ሽንት ይላል፤ እርስዎን ያመጣዎት እሱ ነው?" አለችኝ። እውነቱን ስነግራት ፊቷ ላይ ምንም ለውጥ ሳይታይ ወደ ጥያቄዎቿ ገባች፦ ችግሩ በድንገት ነው የመጣው ወይስ ቀስ በቀስ? ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነቁ ብልትዎ ይቆማል? ፍላጎትዎ ቀንሷል ወይስ ፍላጎቱ እያለ አካልዎ ነው እምቢ የሚለው? ያጨሳሉ? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ጤናማ ወንድ በእንቅልፍ ላይ እያለ በአንድ ሌሊት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ብልቱ ስለሚቆም፣ ይህ እንደ ቀድሞው ከቀጠለና ችግሩ የሚታየው በግንኙነት ጊዜ ብቻ ከሆነ መንስኤው ወደ ጭንቀትና ወደ ስሜት ያደላል፤ የሌሊቱና የጠዋቱም አብሮ ከጠፋ ግን የደም ዝውውር፣ የነርቭ ወይም የሆርሞን ጉዳይ ይጠረጠራል። የእኔ ጠፍቶ ነበር። ከዚያም አምስት ጥያቄዎች ብቻ ያሉበት መጠይቅ ሰጠችኝ፤ ውጤቱ ከ5 እስከ 25 ሲሆን፣ 21 እና ከዚያ በታች የችግሩን መኖር ያመለክታል። እኔ 11 አመጣሁ፤ ይህም መካከለኛ ከሚባለው ደረጃ ይመደባል።

የአገልግሎቱን ዋጋ ያሳየችኝ ቀጥላ ያደረገችው ነገር ነው። መጠይቁን ገልብጣ በጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሁለት ክቦችን፣ አንዱን ትንሽ ሌላውን ትልቅ አድርጋ ሣለች። ትንሹ ወደ ብልት ደም የሚወስደው ቧንቧ ነው፤ ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ትልቁ ልብን የሚመግበው ሲሆን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በሁለቱም ክቦች የውስጥ ግድግዳ ላይ እኩል ውፍረት ያለው መስመር ስታሰምር ትንሹ ሊደፈን ምንም አልቀረውም፤ ትልቁ ግን ገና ሰፊ ነበር። "ስለዚህ ልብዎ ከመናገሩ በፊት ይኼኛው ይናገራል" አለችኝ። ስንፈተ ወሲብ ከልብ ሕመም ምልክቶች ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ሊታይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ለመኝታ ቤት ጉዳይ መፍትሔ ፍለጋ ሄጄ፣ የደም ግፊቴ 152 በ96 ሆኖ ተገኘ፤ ያለፉትን ሦስት ወራት አማካይ የስኳር መጠን የሚያሳየው የደም ምርመራም 7.4 ከመቶ አለ። 6.5 ከመቶና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታ ነው። ስኳር እንዳለብኝ የሚያሳይ ሌላ ምልክት፣ ጥማትም ሆነ ክብደት መቀነስ፣ አልነበረኝም።

ታዲያ መቼ ነው መሄድ ያለብን? ይህንኑ ጠይቄያት የሰጠችኝ መልስ ከጠበቅኩት በላይ ግልጽ ነበር። በድካም ወይም በመጠጥ ማግሥት አልፎ አልፎ የሚያጋጥም አለመሳካት ሐኪም ቤት አያስኬድም፤ ነገሩ ለሳምንታት ሲደጋገም ግን ቀጠሮ መያዝ ይገባል፤ ሦስት ወር ከሞላው ደግሞ ለመዘግየት ምንም ምክንያት የለም። ስኳር፣ ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰውና የሚያጨስ ሰው ያን ያህል እንኳ ባይጠብቅ ይሻላል። አዲስ የግፊት ወይም የድብርት መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ለውጡን ያየ ሰው ቶሎ ለሐኪሙ ይንገር እንጂ መድኃኒቱን በራሱ ሥልጣን አያቋርጥ። ብልቱ ሲቆም መጣመም የጀመረ ወይም ውስጡ ጓጎላ የሚዳሰስ ከሆነም መታየት አለበት። በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሮጡት ደግሞ ሌሎች ናቸው፦ በግንኙነት ጊዜ የደረት ሕመም መሰማት፣ ከ4 ሰዓት በላይ ሳይበርድ የቆየ የብልት መቆም፣ እንዲሁም ከስንፈቱ ጋር በጭንና በመቀመጫ አካባቢ የመደንዘዝ ስሜት ወይም ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል በድንገት መምጣቱ። የመጨረሻው በታችኛው የጀርባ ክፍል ያሉ ነርቮች መጫናቸውን ሊያመለክት ስለሚችል በሰዓታት የሚቆጠር ጉዳይ ነው።

ስለ መድኃኒቱ አጭር ቃል ልበል። ሲልዴናፊል በቪያግራ ስም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1998 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ ሲሆን፣ መጀመሪያ ሲሞከር የታሰበው ለልብ ሕመም ነበር። ታዞልኝ የወሰድኩት 50 ሚሊ ግራም ነው። መድኃኒቱ ቅባት የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ እንደሚዘገይና ያለ ፍላጎትና ያለ መነቃቃት በራሱ እንደማይሠራ ስላልተነገረኝ ነበር የመሳቢያው ብልቃጥ በሦስተኛው ጊዜ "አልሠራም" ያልኩት። ፋርማሲስቱ ደግሞ መድኃኒቱን ከመስጠቱ በፊት "ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረግ ኪኒን ይወስዳሉ?" ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። እንዲህ ያሉት ኪኒኖች፣ ናይትሮግሊሰሪንና ወገኖቹ፣ ከሲልዴናፊል ጋር ሲገናኙ የደም ግፊትን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ስለሚያወርዱ፣ በዚህ ሁሉ ጉዞዬ ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሕይወትን በቀጥታ የሚመለከተው ይህ ነው፤ ብልቃጡን የሸጠልኝ ሰው ግን አልጠየቀኝም። ውጤቱ እስከ 36 ሰዓት ሊቆይ የሚችል ታዳላፊል የሚባል አማራጭ እንዳለም ተነግሮኛል፤ ስላልሞከርኩት አስተያየት የለኝም።

ጉድለቶቹን ላንሣ። የወንዶች ሆርሞን የሆነው ቴስቶስትሮን በጠዋት ከፍ ብሎ ወደ ማታ ስለሚቀንስ ደሙ በጠዋት መወሰድ ሲኖርበት፣ ክሊኒኩ የከሰዓት ቀጠሮ ሰጥቶኝ ደሜን ወሰደ፤ ውጤቱም ዝቅ ብሎ ስለታየ በሌላ ቀን ማለዳ ዳግም ተመርምሬ ደህና ሆኖ ተገኘ። በመካከሉ ያለፈውን አንድ ሳምንት "ወንድነቴ አለቀ" ብዬ ነው የኖርኩት። ከዚህ የባሰው ግን ስለ ጭንቀትና ስለ ትዳሬ በአራቱም ቀጠሮዎች አንድ ጥያቄ እንኳ አለመነሣቱ ነው። መንስኤው የደም ሥር ቢሆንም እንኳ ሰው ጥቂት ጊዜ ካልተሳካለት በኋላ ፍርሃቱ በራሱ ሌላ መንስኤ ይሆናል፤ ባለቤቴን ይዤ እንድመጣ ቢነገረኝ ኖሮ ብዙ ነገር በቀለለ ነበር። በመጨረሻ በራሴ ፈቃድ ይዣት ስሄድ ሐኪሟ ደስ ብሏት ወንበር አስመጣች፤ ቀድሞ አለመታሰቡ ግን ያስተዛዝባል።

በሦስተኛው ወር መጠይቁን ደግሜ ስሞላ 19 አመጣሁ፤ ግፊቴም 134 በ84 ሆኗል፤ ስኳሩ ገና ይቀረዋል። ለአገልግሎቱ ከአምስት ነጥብ አራት እሰጣለሁ፤ አንዱን ያጎደልኩት ለካርድ መስኮቱና ለከሰዓቱ ደም ነው። ቀጠሮ የሚይዝ ሰው የጠዋት ሰዓት ይጠይቅ፤ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ መሳቢያ ውስጥ የደበቀውን ብልቃጥ ጨምሮ፣ በከረጢት ይዞ ይሂድ። መስኮቱ ላይ ሲጠየቅም "ለሐኪሙ እነግራለሁ" ማለት ይችላል፤ በሁለተኛው ቀጠሮዬ እንደዚያ ብዬ ማንም አልተቆጣኝም።