ከጽሕፈት ቤት የሚገዛው የሥራ ውል ፎርም፦ ጅማ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት

ጅማ ውስጥ ሠራተኛ የሚቀጥር ብዙ ባለ ካፌ፣ ባለ ፋርማሲ ወይም ባለ ቡና ማበጠሪያ ውል ሲያስፈልገው የሚሄደው ወደ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያ የሚገኘው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አስቀድሞ የታተመ፣ በእስክርቢቶ የሚሞላ ባለ አንድ ገጽ ፎርም ነው፤ ሁለተኛው ከኮምፒውተር ወጥቶ እዚያው እየተስተካከለ የሚታተም ነው። ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም፤ ጥራታቸው ግን በጣም ይራራቃል። የማይረባ አንቀጽ ማስወጣት የሚቻለው ከኮምፒውተሩ ላይ ስለሆነ፣ ምርጫ ካላችሁ ሁለተኛውን ውሰዱ።

ፎርሙ ያረጀ መሆኑን ለማወቅ ጠበቃ አያስፈልግም፤ ቁጥሮቹን ማየት ይበቃል። የሙከራ ጊዜ 45 ቀን፣ የዓመት ፈቃድ 14 ቀን፣ የወሊድ ፈቃድ 90 ቀን ካለ፣ በተሻረው በአዋጅ ቁጥር 377/1996 የተሰናዳ ነው። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሙከራውን እስከ 60 የሥራ ቀን አድርሶታል። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ሆኗል፤ የወሊድ ፈቃድም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀን ነው።

አሮጌው ቁጥር ሠራተኛውን ብቻ የሚጎዳ ይመስላል፤ የሙከራው መስመር ግን የሚመታው ቀጣሪውን ነው። 60 የሥራ ቀን ጣሪያ ነው፤ ተዋዋዮች ከዚያ ባነሰ መስማማት ይችላሉ። 45 ቀን የሚል ውል የፈረመ ባለ ሆቴል፣ «አዋጁ 60 ይላል» ብሎ አስተናጋጁን በ50ኛው ቀን ቢያሰናብት፣ በራሱ ፊርማ የሙከራ ጊዜው አልፎበታል። መስመሩ ባዶ ከተተወማ ጭራሽ ሙከራ የሚባል ነገር የለም፤ የሙከራ ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበትና። በሌላ በኩል 14 ቀን ፈቃድ የሚለው መስመር ሠራተኛውን አያስረውም፤ ውል ከሕጉ ያነሰ መብት ሊሰጥ አይችልም። ችግሩ ግን ሠራተኛው ወረቀቱን አምኖ ሁለቱን ቀን ሳይጠይቅ መቅረቱ ነው።

የታተሙት ፎርሞች ትልቁ ጉድለት «የውሉ ዘመን ከ… እስከ…» የሚለው ክፍት ቦታ ነው። ክፍት ቦታ ያየ ሁሉ ይሞላዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሦስት ወር ተብሎ በየሦስት ወሩ ይታደሳል። በሕጉ መሠረት የሥራ ውል መነሻው ላልተወሰነ ጊዜ ነው፤ በጊዜ የሚገደበው በአንቀጽ 10 ለተዘረዘሩት ሁኔታዎች ብቻ ነው። ቡና ሲደርስ ለለቀማና ለማበጠር የሚቀጠር የወቅት ሠራተኛ በዚህ ውስጥ ይገባል። በወሊድ ወይም በሕመም ፈቃድ ላይ ያለ ሰው የሚተካም እንዲሁ። ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ የፋርማሲ ገንዘብ ተቀባይ ግን ውሉ አሥር ጊዜ ቢታደስ እንኳ ቋሚ ነው። «ኮንትራቱ አለቀ» ተብሎ ሲሰናበት ጉዳዩ ከሕግ ውጭ የሆነ ስንብት ተደርጎ ክርክር ይነሣበታል። ስለዚህ ጊዜ ከተጻፈ ምክንያቱም አብሮ ይጻፍ፤ ምክንያት ከሌለ ቦታው በሰረዝ ይዘጋ።

ደመወዝ የሚለው መስመርም እንዲሁ ጎዶሎ ነው። «ብር 5,200» ብሎ ያቆማል፤ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ አይናገርም። ያልተጣራ ከሆነ ከግብር ሌላ 7 በመቶ ጡረታ፣ ማለትም ብር 364 ይቀነሳል። የቀጣሪው 11 በመቶ፣ ብር 572፣ ከራሱ ኪስ የሚወጣ ስለሆነ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ሊነካ አይገባም።

የትርፍ ሰዓት ክፍያን በዚሁ ደመወዝ እንየው። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሠራል፤ 5,200 ለ208 ሲካፈል ሰዓቱ ብር 25 ይመጣል። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ ብር 37.50 ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። አሮጌው ፎርም የቀኑን 1.25 ስለሚል ለአንዱ ሰዓት 31.25 ብቻ ይሰጣል። የትርፍ ሰዓት ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው፤ 12ቱን የሠራ ሰው በሳምንት 75 ብር ይጎድልበታል።

ፈጽሞ መውጣት ያለባቸው ሁለት አንቀጾች አሉ። «ለጎደለው ሁሉ ከደመወዝ ይቆረጣል» የሚለው አንዱ ነው፤ ሠራተኛው በጽሑፍ ቢስማማ እንኳ ተቀናሹ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። ሁለተኛው «ቀጣሪው በፈለገ ጊዜ ውሉን ያቋርጣል» ይላል። ስንብት በቂ ምክንያት ይፈልጋል። ማስጠንቀቂያውም እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ሦስት ወር ነው። ሠራተኛውም በፈቃዱ ሲለቅ 30 ቀን አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት። ዋናውን ዲፕሎማ ቀጣሪው ጋ ማስቀመጥ የሚል መስመር ካያችሁም አስጠፉት፤ ኮፒው ይበቃል።

ስለ ቋንቋው አንድ ነገር። የጅማ ፍርድ ቤቶች የኦሮሚያ ናቸውና የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። በአማርኛ ብቻ የተጻፈ ውል ክርክር ሲነሣ ትርጉም ይጠየቅበታል፣ በትርጉሙም ላይ ሙግት ይፈጠራል። በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን የሚተይብ ጽሕፈት ቤት ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁ ክፈሉ። በሁለት ቅጂ አሳትሙ፣ ገጹ ከአንድ ከበለጠ እያንዳንዱ ላይ ይፈረም፣ አንዱ ቅጂ ያኔውኑ ለሠራተኛው ይሰጥ። ውሉ በቃል ብቻ ተደርጎ ከነበረ ቀጣሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ዝርዝር ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ከኮምፒውተር የሚወጣው ፎርም ቁጥሮቹ ከታረሙ ለዚህም ያገለግላል።