አልጀርብራሽ 2 ለአይጥ ኮርኒያ፦ መፋቁን ያውቅበታል፣ ማቆሙን ግን ለእጅ ይተዋል

አልጀርብራሽ 2 የተሠራው ለሰው ዓይን ነው፤ ኮርኒያ (የዓይን ፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን) ላይ የተሰካ ብረት ከወጣ በኋላ የሚቀረውን የዝገት ቀለበት ለመፋቅ። እንደ እስክሪብቶ በጣት ይያዛል፣ በባትሪ ይሠራል፣ ጫፉ ላይ ሞረድ የመሰለች ትንሽ ቡር ትሽከረከራለች። የኮርኒያ ቁስል እንዴት እንደሚድን የሚያጠኑ ላቦራቶሪዎችም ከክሊኒክ ወስደው ለአይጥ ያውሉታል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ዋናው ብልጫው ግን አይጥ ላይ ሲደርስ እምብዛም አያገለግልም።

ብልጫው የሞተሩ ጉልበት ማነስ ነው፦ ቡሩ ከኮርኒያው ላይኛ ሕዋሳት ሥር ያለውን ጠንካራ የቦውማን ሽፋን ሲነካ እንዲቆም ታስቦ የተሠራ ነው። የሰው ኮርኒያ መሐሉ ላይ 540 ማይክሮን ገደማ ውፍረት አለው፣ የቦውማን ሽፋኑም ደህና ነው። የአይጥ ኮርኒያ ከ100 እስከ 120 ማይክሮን አካባቢ ሲሆን ከዚያም ሲሶው ወይም የሚበልጠው ኢፒተሊየም (ላይኛው የሕዋስ ሽፋን) ነው፤ የቦውማን ሽፋኑ ቢፈለግም በቅጡ አይገኝም። ስለዚህ ቡሩን የሚያስቆመው የእጅ ልክ ብቻ ነው። ጀማሪ ሲጫነው ስትሮማው (ከሥር ያለው የኮርኒያ ዋና አካል) ይቦረቦራል፤ ከሳምንታት በኋላ የሚታየው ጠባሳም የሙከራው መድኃኒት ሳይሆን የእጁ ውጤት ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አይጡ ሙሉ ማደንዘዣ ይወስዳል፣ የሚቆስለው ዓይን ላይ 0.5 በመቶ ፕሮፓራኬይን አንድ ጠብታ ይጨመራል፣ ሌላው ዓይን እንዳይደርቅ ጄል ይቀባል። ሁለቱን ዓይን ማቁሰል አይገባም። በ1.5 ሚሊ ሜትር የባዮፕሲ ፐንች (ክብ መቁረጫ) መሐሉ ላይ ክብ ምልክት ይደረጋል፤ ተጭኖ መቁረጥ ሳይሆን ማኅተም እንደማሳረፍ ነው። ከዚያ 0.5 ሚሊ ሜትሩ ቡር በማይክሮስኮፕ ሥር ከመሐል ወደ ዳር በቀላሉ እየዳሰሰ ይሄዳል። ኢፒተሊየሙ እንደ ነጭ ፍርፋሪ ሲነሳ ይታያል። ሥሩ ለስላሳና የሚያንጸባርቅ መሆኑ ቀርቶ ሻከር ሲል ይበቃል። ፍርፋሪው በሳላይን (የጨው ውኃ) ይታጠባል፣ አንቲባዮቲክ ቅባት ይደረጋል። ለሕመሙ ከቆዳ ሥር ቡፕረኖርፊን በኪሎ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ይሰጣል እንጂ የማደንዘዣ ጠብታው አይደጋገምም፤ ጠብታው ራሱ ኢፒተሊየም እንዳይዘጋ ያጓትታል።

ክቡ ላይ ቸል ማለት ዋጋ ያስከፍላል። 1.5 ሚሊ ሜትር ስፋቱ 1.77 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ እጅ ትንሽ ስቶ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን 3.14 ይደርሳል፣ ማለትም በ78 በመቶ ገደማ ያድጋል። ከዚያ ወዲያ ሊምበሱም (የኮርኒያ ጠርዝ) ሩቅ አይደለም፤ እሱ ከተነካ የደም ሥር ይገባል፣ የኮንጀንክቲቫ (የዓይን ነጩን የሚሸፍን ስስ ሽፋን) ሕዋሳት ይሳባሉ፣ ሙከራው ወደ ሌላ ሞዴል ይቀየራል።

ከደነዘዘ ምላጭ ጋር ሲወዳደርስ? ምላጩ ኢፒተሊየሙን ገፎ ቤዝመንት ሜምብሬኑን (ኢፒተሊየሙ የተቀመጠበትን ስስ ሽፋን) በአብዛኛው ይተወዋል፤ ቡሩ እሱንም ይዞ ይሄዳል፣ የስትሮማውንም ፊት ይጭራል። ሕዋሳት እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ብቻ ለማየት ምላጩ ይሻላል። የኬራቶሳይት (የስትሮማ ሕዋስ) ሞት፣ የማዮፋይብሮብላስት (ጠባሳ የሚሠራ ሕዋስ) መፈጠር፣ የኮርኒያ ጭጋግ የሚጠና ከሆነ ቡሩ ተመራጭ ነው። ዲያሜትራቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ሁለቱን ቁስሎች ማወዳደር ግን ስሕተት ነው፤ በምን እንደተፋቀ ሳይጻፍ «ኢፒተሊየም ተነስቷል» የሚል የአሠራር ክፍልም ብዙም አይጠቅምም። የኬሚካል ቃጠሎ ለሚያጠና ደግሞ ይህ ዕቃ አያስፈልግም፤ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተነከረ 2 ሚሊ ሜትር የማጣሪያ ወረቀትና ብዙ ሳላይን ሥራውን ይሠራሉ።

ቁስሉ በፍሎረሲን (ቁስሉን በሚያቀልም ቀለም) እና በሰማያዊ መብራት ይለካል። እዚህ ቡሩ አንድ ጣጣ አለው፦ የተጫረው ስትሮማ ቀለሙን ይመጠዋል፣ ፎቶው ከዘገየም አረንጓዴው ጠርዙን አልፎ ይሰፋል። ቀለሙ ጠብ ተደርጎ፣ ታጥቦ፣ ፎቶው ወዲያው ይነሳ። የመጀመሪያው ፎቶ ከተፋቀ በኋላ በዚያው ሰዓት መሆን አለበት፤ የእያንዳንዱ አይጥ መነሻ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ቁስል በአብዛኛው በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ስለሚዘጋ በቀን አንዴ ብቻ ማየት አይበቃም።

ጽዳቱ ላይ ቡሩ ተነቅሎ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) ይገባል፣ እጀታው ግን ውኃ ውስጥ አይነከርም። በአይጦች መካከል በአልኮል የሚጠርጉት ካሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ የቀረች የአልኮል ጠብታ ከክቡ ውጭ ያለውን ኢፒተሊየም ትገድላለች። ቡሩ በሕዋስ ሲደፈን መፋቁን ትቶ ይንሸራተታል፣ ሰው ደግሞ ሳያውቀው መጫን ይጀምራል። ባትሪው ሲደክምም እንዲሁ ነው፤ ቁስሉ ዥንጉርጉር ይሆናል። ባትሪው ሞቶ እስኪቆም ሳይጠበቅ በየሙከራው መጀመሪያ ይቀየር፣ ቡሩም በደንብ መግባቱ በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ ጫፉ ከተወዛወዘ 0.5 ሚሊ ሜትር የተባለው ከዚያ በላይ ይፍቃል።

ለጥንቸል 0.5 ሚሊ ሜትሩ ትንሽ ነው። ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቁስል በእሱ መፋቅ አሰልቺ ነው፣ ወጥም አይወጣም፤ ትልቁን ቡር መግዛት ይሻላል።