የእናቴን ዳዊት ላስነበቡኝ የኔታ

የኔታ ይህን ጽሑፍ አያዩትም። ስልካቸው ለመደወያ ብቻ የምትሆን ትንሽዬ ናት። «ስሜን እንዳትጠሪ» ብለውኛል፤ ውዳሴ ከንቱ አይወዱም። ስለዚህ ስማቸውንም ደብራቸውንም አልጽፍም። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም። ሳላመሰግናቸው ውዬ ባድር እናቴም የምትቀየመኝ ይመስለኛል።

እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ዳዊት ሳትደግም ቡና አትቀምስም ነበር። ያቺ ዳዊት ለእኔ ደረሰችኝ። ቆዳዋ በእናቴ እጅ ወዝ ጠቁሯል። መሐሏ ላይ ቀይ ክር አለ፤ እናቴ ያቆመችበት ነው። እኔ ደግሞ ግዕዝ ማንበብ አልችልም ነበር። ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ቃሉ ግን አፌ ላይ ይሰባበራል።

እሳቸው ጋ ከመድረሴ በፊት ብዙ ተቃጥያለሁ። የእናቴ አርባ ባለፈ ሰሞን እንቅልፍ አጥቼ ነበር። «መሪጌታ ነኝ» የሚል ሰው በቴሌግራም አገኘሁ። ጸሎት አደርግልሻለሁ አለኝ። መጀመሪያ ለሻማና ለዕጣን ላኪ አለ። ቀጥሎ ለሱባኤ አለ። እየቆየ ደግሞ «የእናትሽ ሞት የሰው እጅ አለበት፤ ቤታችሁ የምትገባ አጠር ያለች ዘመድ አለች» አለኝ። እኔም አክስቴን አሰብኩ። እናቴን እስከ መጨረሻዋ ቀን ያስታመመችውን አክስቴን! አምስት ወር ሙሉ ስልኳን አላነሳሁም። ብሩ አይቆጨኝም፣ ይቅር። እነዚያ አምስት ወራት ግን እስከ ዛሬ ያንገበግቡኛል።

መሪጌታ ማለት እኮ ስንት ዓመት የሚለፋበት ማዕረግ ነው። አንዱ ለቅኔ ጎጃም፣ ጎንጅ ወይ ዋሸራ ይሄዳል፣ ሌላው ለአቋቋም፣ ለማኅሌቱ ሥርዓት፣ ጎንደር በአታ ይወርዳል። የዜማው መጽሐፍ ድጓ ብቻውን ስንት ዕድሜ ይበላል። ይህን ስም ለእንዲህ ያለ ንግድ ሲያውሉት ያማል።

ግዕዝ አስተምራለሁ ብሎ የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ የተቀበለም ነበር። ሦስት ቀን አስተማረ፣ ከዚያ ግሩፑ ተዘጋ። አለቀ።

የኔታን ያገኘኋቸው ለቅሶ ቤት ነው። ዳዊት ሲደግሙ ሰማኋቸው፤ መጽሐፍ አልያዙም። ሲወጡ ጠብቄ «የኔታ፣ ትልቅ ሰው ያስተምራሉ?» አልኳቸው። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነይ» አሉኝ፤ ሌላ ነገር አልጠየቁኝም።

ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሰባት ስምንት ልጆች አሉ። አንዱ ሀሁ ይቆጥራል፣ አንዷ መልእክተ ዮሐንስ ታነባለች፣ ሌላው ዳዊት ላይ ደርሷል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮሃሉ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ተኝተዋል ብዬ ነበር። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ጥግ ላይ ያለ ልጅ አንዲት ቃል ሲሳሳት «ጣላት!» አሉት። ልጁ ደገማት። እሳቸው ዓይናቸውን እንኳ አልገለጡም። ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ የሚባል የንባብ ስልት አለ። ሕጉን እዚህ ላስረዳችሁ አልችልም። ጆሮዬ ግን ዛሬ ይለየዋል፤ ጆሮ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

የእናቴን ዳዊት ስሰጣቸው ተሳልመው ተቀበሉኝ። ገለጥ ገለጥ ሲያደርጉ ክሩ ጋ ደረሱ።

«ይህች የማን ናት?»

«የእናቴ ናት፣ የኔታ። አርፋለች።»

ትንሽ ዝም አሉ። ክሩ ያለው መዝሙር 118 ላይ ነው፤ ከሁሉም ረጅሙ። «ክሩን እንዳታነሺው» አሉኝ። «ከመጀመሪያው መዝሙር፣ ከብፁዕ ብእሲ ጀምረሽ እዚህ ድረስ ትመጫለሽ። ከዚህ ወዲያ ያለውን እሷ ካቆመችበት ትቀጥይላታለሽ።»

እዚያው ልጆቹ ፊት አለቀስኩ። ያ ሁሉ ብር የከፈልኩበትን መጽናናት እሳቸው ገና በመጀመሪያው ቀን ሰጡኝ።

አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀብኝ። ከሥራ ዘግይቼ ስደርስ «ደክሞሻል፣ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ» ይሉኛል። አንድ ቀን ስለ አክስቴ ነገርኳቸው። መጽሐፌን ዘጉት። «ዛሬ ንባብ የለም። ሂጂና ታረቂ» ብለው መለሱኝ። ሄድኩ። አክስቴ በሩን ከፍታ ምንም ሳትናገር አቀፈችኝ። ክሩ ጋ የደረስኩ ቀን እሷንም ይዣት ነበር የሄድኩት።

ያን ቀን ፖስታ ይዤ ነበር። የኔታ እጃቸውን አልዘረጉም። «ልጄ፣ እኔ መቼ ገዛሁትና ነው የምሸጥልሽ?» አሉኝ። ከዚያ ስለ ልጅነታቸው አወሩን። ጎጃም ውስጥ ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ ይዞሩ ነበር። ውሻ ይነክሳቸዋል። ደግ እናት ስትገኝ ቁራሽ ትሰጣቸዋለች። ያስተማሯቸው የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ሁሉንም በቃላቸው ነው ያስጠኗቸው። «የእነዚያ እናቶች ቁራሽ ነው ዛሬ አንቺ ጋ የደረሰው። መክፈል ካማረሽ አንድ ሰው አስነብቢ» አሉኝ።

የአብነት ትምህርት ቤት ወጉም ይኸው ነው። ዳዊት የደረሰው ልጅ ፊደል ለጀመረው ያስቆጥራል። የኔታ ጋ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የአሥር ዓመት ልጅ የስድስት ዓመቱን ጣት ይዞ ፊደሉ ላይ ያስኬዳል።

እባካችሁ፣ በስልክ ብር ላኩ የሚሏችሁን ተዉአቸው። በየደብራችሁ ያሉትን የኔታዎች ፈልጉ። ከቅዳሴ በኋላ ጠይቁ፣ አይከብድም። ልጆቻችሁን ክረምት ላይ ውሰዱ። ራሳችሁም ሂዱ፤ ዕድሜዬ አልፏል አትበሉ። ደግሞ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የእኔ የኔታ ብር እምቢ ይላሉ፤ ለልጆቹ ደብተር፣ ሳሙና፣ ብርድ ልብስ ሲመጣ ግን መርቀው ይቀበላሉ። እሳቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። እንደ እሳቸው ያለ መምህር አላየሁም። ሂዱ፣ እውነቴን ነው።

እኔም አንድ ሰው ይዣለሁ። የሕንጻችን የማታ ጥበቃ ናቸው። ልጅነታቸው በእረኝነት አልፎ ፊደል ሳይቆጥሩ ያደጉ ሰው ናቸው። ማታ ማታ በሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ግማሽ ሰዓት እንቀመጣለን። ሀሁን ጨርሰው አቡጊዳ ገብተዋል። ባለፈው ሳምንት ደመወዝ ሲቀበሉ ሃምሳ ብር ጠቅልለው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ጋሼ፣ እኔ መቼ ገዛሁትና?» አልኳቸው።