እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ ለልጃችሁ የስፌት መኪና ለምትፈልጉ ሁሉ

ልጄ አሁን ከጎኔ ተቀምጣ እየሰፋች ነው። ጠክ ጠክ ይላል መኪናው። ይህን ድምፅ እቤቴ ለመስማት ሰባት ወር ፈጅቶብኛል። በእነዚያ ወራት ያንገላቱኝን ሰዎች ስም አልጠራም፤ እግዜር ይይላቸው። የማመሰግነው ሰው ግን አለኝ። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ለሚያስፈልገውም ሰው ንገሩልኝ።

ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ዘንድሮ ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ አልፋለች። እናቴ በሕይወት ሳለች ከልብስ ሰፊ ቤት የተረፈ ቁርጥራጭ እየሰበሰበች፣ በእጇ እየደረተች የአልጋ ልብስ ትሠራ ነበር። ድሪቶ ስል የችግር ልብስ ብቻ የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። የእናቴ ድሪቶ እንደዚያ አልነበረም። ቀዩን ከቢጫው፣ አበባውን ከመስመሩ አማርጣ ነበር የምትገጥመው። አልጋ ላይ ሲነጠፍ የመጣ እንግዳ ሁሉ የት ተገዛ ብሎ ይጠይቃል። ልጄ እግሯ ሥር ቁጭ ብላ፣ መርፌ ላይ ክር እያስገባችላት ነው ያደገችው።

እናቴ ያለፈው ጥቅምት ላይ አረፈች። አንድ ካርቶን ሙሉ ቁርጥራጭ ጨርቅና አንድ ያረጀ ጋቢዋ ቀረን። ልጄ ካርቶኑን ማንም እንዳይነካባት ወደ ራሷ አልጋ ሥር ወሰደችው። አንድ ቀን ማታ መጥታ "የእማማን ድሪቶ እኔ እጨርሰዋለሁ። መኪና ግዢልኝ" አለችኝ። ምን ብዬ እምቢ እላለሁ?

እኔ ቁልፍ ከመትከል ሌላ ስፌት አላውቅም። ስለዚህ የነገሩኝን ሁሉ አመንኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት መሃል ከተማ አንድ ትልቅ ሱቅ ነው። ለልጅ ነው ስል ሮዝ ቀለም ያለው፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽዬ የፕላስቲክ መኪና አወጡልኝ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም አሉኝ። እቤት ስንሞክረው አንድ እጥፍ አቡጀዲ ሰፋ። ሁለት ስናደርገው አቃሰተ። ጋቢውን ስናስገባለትማ ጭራሽ ቀጥ አለ። በማግስቱ ስመልሰው ያው የሸጠልኝ ሰውዬ እንዳላወቀኝ ሆነ። ግድግዳው ላይ ያለውን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት በጣቱ አሳየኝ። ልጄ አጠገቤ ቆማለች። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ሁለተኛው ይብሳል። አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ጭንቀታችንን ሰምታ ራሷ ስትሰፋበት የኖረችውን ብራዘር የሚባል የስፌት መኪና በሰው ላከችልን። ቦሌ ድረስ ሄደን ተቀበልን። ሶኬቱ ከእኛ ጋር ስለማይገጥም አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝ ጋ ወሰድነው። እሱም ቆርጦ የእኛን ሶኬት ቀጠለለትና ሰካው። ወዲያው ጨሰ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት መሆኑን እኔ አላውቅም። እሱ ግን ሙያው ነው። ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል ብሎ አንድ ቃል ቢተነፍስ በቂ ነበር። "ድሮም የተቃጠለ ነው ያመጣችሁት" አለኝና የሶኬቱን ዋጋ ተቀበለኝ። ልጄ ታክሲ ውስጥ መኪናውን ታቅፋ አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም፤ አለቀስኩ።

ሌላው ደግሞ የፋብሪካ ጁኪ ከነጠረጴዛው ሊሸጥልኝ ነበር። "ስታድግ ይሆናታል" ነው ያለኝ። ጁኪ ምርጥ መኪና ነው፤ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ የሚመኙት። ግን በደቂቃ እስከ 5000 ጊዜ በሚወጋ መርፌ ሥር የልጅ ጣት አስቡት። ያን ቀን ያተረፈኝ በቂ ብር አለመያዜ ነው።

ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ እዚህ የካ አባዶ ከእኛ ብሎክ ምድር ላይ የምትኖር ልብስ ሰፊ "ካራ ሂጂ። አንድ ሽማግሌ አሉ፤ መኪናችን ሲታመም ሁላችንም እሳቸው ጋ ነው የምንወስደው" አለችኝ። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ሱቃቸው ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በኮብልስቶኑ ገባ ብሎ ያለች ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ናት። ዙሪያዋን መኪና ነው፤ የሚበዛው ሆዱን የተከፈተ።

ጋሼ ቀድመው ያነጋገሩት ልጄን ነው። "ምን ልትሰፊ ነው የኔ ልጅ?" አሏት።

ሰባት ወር ሙሉ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። እኔም ብሆን የት ይገኛል፣ ስንት ነው ስል ነው የከረምኩት።

ልጄ ከፌስታሏ የእናቴን ጅምር ድሪቶ አወጣች። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ተቀበሏት። ገልብጠው ስፌቱን በጥፍራቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። "የማን እጅ ነው?" አሉ። የእማማ፣ አለቻቸው። "ነፍስ ይማር። እኩል እኩል ነው የወጋችው" አሉ። እኔ ዞር ብዬ እንባዬን ጠረግሁ።

ከዚያ ይህ ይሻላል ያ ይሻላል አላሉም። ከአሮጌ ደብተር አንድ ገጽ ቀደዱ። ከአንድ መኪና ላይ ክሩን አወጡና ወረቀቱን መርፌው ሥር አድርገው "መስመሩን ብቻ ተከተይ" አሏት። እግሯ ፔዳሉን በደንብ ስላልያዘው የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ከሥሩ አስገቡላት። ስትረግጠው መኪናው ፈረጠጠ። ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። አልተቆጧትም፣ አልሳቁባትምም። በዚያ ዕድሜያቸው ጎንበስ ብለው ከፔዳሉ ውስጥ የታጠፈ ስፖንጅ ሻጡ። አሁን የቱንም ያህል ብትረግጠው እስከ ታች አይወርድም። "በይ እንደገና" አሏት። ጠክ፣ ጠክ፣ ጠክ። የመጀመሪያው መስመር ተንጋደደ። አምስተኛው ቀጥ አለ። ጋሼ ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርገው የቀዳዳዎቹን ሰልፍ አሳዩዋት። ያ ወረቀት ዛሬ ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል።

እኔ መሃል እየገባሁ "የትኛው ብራንድ ይሻላል?" እላለሁ። ሲንጀር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1851 ጀምሮ ያለ ስም ነው አሉኝ። እኛም አገር የስፌት መኪናን ሁሉ ሲንጀር ስንል ኖረናል። ብራዘርና ጃኖሜ የጃፓን ናቸው። ሁሉም ጠንካራም ደካማም ይሠራሉ። "በስም አትግዢ ልጄ። የምትሰፋውን ጨርቅ ይዘሽ ሂጂ፣ አሰፍተሽ አይተሽ ግዢ" አሉኝ።

ስለ መኪናው የውስጥ ዕቃ ብዙ አስረድተውኛል፤ አልገባኝም። የገባኝን ልንገራችሁ። ቁርጥራጭ ለመግጠም ቀጥ ያለ ስፌት በደንብ የሚሠራ መኪና ይበቃል፤ መቶ ዓይነት ጥልፍ አለው ቢሏችሁ ለጀማሪ ምንም አይፈይድም። በጣም የቀለለ መኪና ወፍራም ጨርቅ ሲያገኝ ጠረጴዛው ላይ ይዘላል። ጀርባው ላይ 220 መጻፉን ሳታዩ እንዳትሰኩ። የቤት መኪኖች መርፌ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል፤ ቦቢን፣ የሥሩ ክር የሚጠቀለልባት ትንሿ ክብ ዕቃ፣ ግን ይለያያል፣ የሌላውን ቢያስገቡበት ክሩን ያተረማምሰዋል። ለአቡጀዲ 80 ቁጥር መርፌ፣ ለወፍራሙ 90፤ ይህን በወረቀት ጽፈው ሰጥተውኛል።

መደርደሪያው ላይ አዲስ፣ ዋጋው የከበደ መኪና ነበራቸው። "እሱን ስጡኝ" ብዬ ነበር። በልቤ ውድ ከሆነ ጥሩ ነው ብያለሁ። "ለሷ አይሆንም፣ ብርሽን አታባክኚ" ብለው ያገለገለ፣ ክብደት ያለው ጃኖሜ አወረዱ። ከላይ የእናቴን ቁርጥራጭ፣ መሃል ጋቢውን፣ ከሥር አቡጀዲ አድርገው አስገቡለት። ጋቢ እንደምታውቁት ራሱ አራት እጥፍ ነው። ሳያጉረመርም አለፈው። ከዚያ ከመርፌው በስተቀኝ 6 ሚሊ ሜትር ለክተው የቁስል ፕላስተር ለጠፉበት። "የጨርቁን ጠርዝ ይችን አስታክከሽ ውሰጂ፤ ያኔ ጥጉ ከጥጉ ይገጥማል" አሏት። ክቧን ቦቢን አንስተውም ጃኖሜ በጃፓንኛ የእባብ ዓይን ማለት እንደሆነ፣ ስሙም ከዚች እንደመጣ ነገሯት። ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ ቦቢን ብላ አታውቅም። "እማዬ የእባቡ ዓይን ክር ጨርሷል" ነው የምትለኝ።

የተቃጠለውን ብራዘርም ከፍተው አይተውልኛል። ሞተሩ ነው የሄደው። የሚሆን ሞተር ካገኙ ሊደውሉልኝ ነው። ለማየት 5 ሳንቲም አልተቀበሉኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ከጨርቁ ሥር ክሩ እንደ ወፍ ጎጆ ተጠቀለለ። ተበላሸ ብለን ደነገጥን። ማታ 2 ሰዓት ላይ እየፈራሁ ደወልኩ። "ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር ወደ ላይ አንሱና የላዩን ክር ከመጀመሪያ አስገቡት" አሉ። ሠራ! ለምን እንደሠራ አልጠየቅኋቸውም፤ ደስ ብሎኝ መርቄያቸው ስልኩን ዘጋሁ።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልጽፍ አደራ ብለውኛል። ካራ ስትደርሱ የስፌት መኪና የሚጠግኑት ሽማግሌ የት ናቸው በሉ፤ ባጃጆቹ ያውቋቸዋል። እሑድና በበዓል ዝግ ናቸው። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ሥራ ይበዛባቸዋል። ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሚሰፋውንም ጨርቅ ያዙ። እባካችሁ ሌላ ቦታ ብራችሁን ከማቃጠላችሁ በፊት እሳቸውን አማክሩ። ባትገዙም ያማክሯችኋል።

ድሪቶው 64 ካሬ ነው የሚፈልገው፤ እስከ ዛሬ 37 ገጥማለች። ሲያልቅ ቀድመን የምንወስደው ለጋሼ ለማሳየት ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ ጋሼ።