የክፍል ፎቶ ወይስ የመልክዓ ምድር ፎቶ? ለጎንደር የማረፊያ ባለቤቶችና ቤት ሻጮች የቀረበ ንጽጽር

በጎንደር የእንግዳ ማረፊያ፣ ሆቴል ወይም የሚሸጥ ቤት ያላቸው ሰዎች ፎቶ አንሺ ሲጠሩ ብዙ ጊዜ የሚሉት «ቤቱንም አካባቢውንም አንሣልኝ» ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቤቱና አካባቢው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሌንስና በአንድ ዋጋ የሚያልቁ ሥራዎች አይደሉም። ሁለቱንም ለዓመታት ስሠራ እንደ መቆየቴ፣ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ልዩነታቸውን እንዲያውቅ ከልቤ እፈልጋለሁ፤ የገጠሙኝ አብዛኞቹ ቅሬታዎች የመጡት ፎቶው ስለ ከፋ ሳይሆን ደንበኛው የማያስፈልገውን ሥራ ስላዘዘ ነውና።

የክፍል ፎቶ ዋናው ፈተና ብርሃን ነው። ዓይናችን ክፍሉንም ከመስኮቱ ውጭ ያለውንም በአንድ ጊዜ ያያል፤ ካሜራ ግን ለክፍሉ ሲስተካከል መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፣ ለመስኮቱ ሲስተካከል ደግሞ ክፍሉ ይጨልማል። ስለዚህ ባለሙያው ካሜራውን በትራይፖድ ላይ አቁሞ ያንኑ ክፍል በተለያየ የብርሃን መጠን ከ3 እስከ 5 ጊዜ ያነሣና በኮምፒውተር ያዋህደዋል፤ አለበለዚያም በፍላሽ ክፍሉን ከውጭው ብርሃን ጋር ያስተካክለዋል። በዚህ አሠራር አንድ ክፍል ከግማሽ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል። «ዐሥር ክፍል በአንድ ሰዓት እጨርሳለሁ» የሚል ፎቶ አንሺ ከቀረበልዎት ይህን ሥራ እንደማይሠራ ይወቁ።

አንድ ጊዜ ከፋሲል ግቢ ብዙ በማይርቅ ማረፊያ ውስጥ አልጋው ላይ ነጭ ጋቢ ተነጥፎ ነበር። ጋቢው በመስኮቱ በኩል ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በራስጌው አምፖል ሥር ቅቤ መስሎ ቢጫ ሆኗል፤ መካከሉ ላይ ደግሞ የጣሪያው መብራት አረንጓዴ ጥላ ጥሎበታል። የማረፊያውን ባለቤት «እትዬ፣ መብራቶቹን ላጥፋቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ካጠፋኸውማ ክፍሉ ይጨልማል» አሉኝ። ሁለቱንም አጥፍቼ፣ መጋረጃውን እስከ ጥግ ከፍቼ፣ ካሜራውን ለረጅም ጊዜ እንዲከፈት አድርጌ ሳነሣ ጋቢው ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ጥለቱም ክሩ እስኪቆጠር ድረስ ታየ። ገዢው የሚከፍለው ለዚህ ዓይነቱ ትዕግሥት ነው።

የክፍል ፎቶ አንሺን ለመመዘን ቀደም ሲል የሠራቸውን ሥራዎች ይጠይቁና ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ። የመጀመሪያው የግድግዳው ማዕዘንና የበሩ መቃን ቀጥ ብለው መቆማቸው ነው፤ ወደ ውስጥ ካዘነበሉ ካሜራው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ተደፍቶ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው በፎቶው ጠርዝ ላይ ያለ ክብ ነገር፣ ለምሳሌ የግድግዳ ሰዓት ወይም መሶብ፣ ክብነቱን መጠበቁ ነው። እንደ እንቁላል ከተለጠጠ ክፍሉ ከመጠን በላይ ሰፊ በሆነ ሌንስ ተነሥቷል። በሙሉ ፍሬም ካሜራ (የምስል መቀበያው ትልቅ በሆነ የባለሙያ ካሜራ) 24 ሚሊ ሜትር አካባቢ ያለ ሌንስ ለአብዛኛው ክፍል ይበቃል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ የሚያሳየው ይሰፋልና 14 ሚሊ ሜትር ጠባቧን ክፍል አዳራሽ ያስመስላታል። በዚያ ፎቶ ተማርኮ የመጣ እንግዳ በሩን ሲከፍት የሚሰማውን ስሜት ማረፊያው ነው የሚሸከመው፤ በዚህ ጉዳይ ከደንበኞቼ ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ፣ አሁንም አቋሜን አልለውጥም።

የመልክዓ ምድር ፎቶ በተቃራኒው የወቅት ጉዳይ ነው። ክፍል በማንኛውም ወር ሊነሣ ይችላል፤ የሰሜን ተራሮች ግን ፎቶ አንሺውን ቀን ያስመርጡታል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር፣ አየሩ ታጥቦ ይጠራል፣ ሣሩም ገና አረንጓዴ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ እንደ ጠራ ቢቆይም ሣሩ ይደርቃል። ከየካቲት ጀምሮ ብናኝና ጭጋግ ሩቁን ተራራ ይውጠዋል። ይህን እያወቅሁ በአንድ ወቅት የደንበኛን ጥድፊያ ተቀብዬ በየካቲት መጨረሻ ወጣሁ፤ በተራሮቹ ውስጥ ባሉት ሳንቃበርና ጨነቅ በተባሉ የማደሪያ ሰፈሮች ሦስት ቀን ጠብቄ ይዤ የተመለስሁት የግራጫ ገደል ፎቶ ብቻ ነበር፤ ሥራውንም በጥቅምት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደገምሁት። ከዚያ ወዲህ በውሉ ላይ የሚነሣበትን ወር ሳልጽፍ አልፈርምም፤ እርስዎም ሳያጽፉ እንዳይፈርሙ እመክራለሁ።

የዋጋው አሠላልም የተለየ ነው። የክፍል ሥራ በክፍል ብዛት ወይም በቀን ይታሰባል። የመልክዓ ምድር ሥራ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ያለውን 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን መግቢያ፣ የስካውት (አብሮ የሚሄድ የፓርክ ጠባቂ) ክፍያንና አዳርን ይጨምራል፤ በዚያ ላይ አየሩ ባይከፈት የሚጠበቅባቸው ቀናት አሉ። ርካሽ የሚመስል የአንድ ቀን ዋጋ ከቀረበልዎት መጠባበቂያ ቀን እንዳለው ይጠይቁ። የመንገዱንም ሁኔታ ከጉዞው በፊት ማጣራት የሁለቱም ወገኖች ኃላፊነት ነው።

በሁለቱ መካከል የሚወድቀው የቤት ፊት ፎቶ ሲሆን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትም እዚህ ላይ ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በእኩለ ቀን ፀሐይዋ በሰሜን በኩል የምትሆነው በግምት ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ብቻ ነው። ፊቱ ወደ ሰሜን የሆነ ቤት በታኅሣሥ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይውላል፤ ፀሐይ ሲያገኝ ደግሞ የክረምቱ ደመና ይደርሳል። ለእንዲህ ያለ ቤት ግንቦት ይመረጣል፤ ግንቦት ካለፈ ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባለው 20 ደቂቃ ገደማ፣ የውስጡ መብራት በርቶ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ሲሆን ማንሣት ይቻላል። ፊቱ ወደ ደቡብ የሆነ ቤት ከኅዳር እስከ ጥር ጥሩ ብርሃን ስለሚያገኝ ብዙ አያስቸግርም። ቤትዎን ሊያነሣ የመጣ ሰው ቀጠሮ ከመያዙ በፊት ፊቱ ወዴት እንደሆነ ካልጠየቀዎት ሥራውን አያውቀውም።

ድሮንን በተመለከተ ደንበኞች ከሚገባው በላይ ይጓጓሉ። ሰፊ ግቢ ላለው ሎጅ፣ ለእርሻ መሬት ወይም ከገደል ጫፍ ለተሠራ ሕንፃ ድሮን የሚተካው የለም፤ አካባቢውን፣ መንገዱንና ወሰኑን በአንድ ፎቶ ያሳያል። ጎረቤት ለጎረቤት ተጣብቆ ለቆመ የከተማ ማረፊያ ግን ከላይ ሲታይ የሚገኘው የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የውኃ ታንከርና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። በተጨማሪ ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረር በአገራችን የተከለከለ ነው፤ በፓርኩ ውስጥም ተጨማሪ ፈቃድ ይጠየቃል። ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ «እኔ አውቃቸዋለሁ» የሚል መልስ ፈቃድ አይደለም። በ3,600 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ 30 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ ድሮኑ ለመነሣት ይለፋል፣ የባትሪው ዕድሜም ያጥራል። ስለዚህ ጨነቅ ላይ የታሰበው የበረራ ጊዜ ከተማ ውስጥ ከሚገኘው ያነሰ እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

አዲስ ቀረጻ ከማዘዝ ይልቅ በፎቶ አንሺው ማኅደር ያለ፣ ቀደም ሲል የተነሣ ፎቶ የመጠቀም ፈቃድ መግዛትም ይቻላል። ለጭላዳ፣ ለዋልያ፣ ጅብራ ለተባለው የተራራ ተክልና ለገደሎቹ ይህ መንገድ ከሁሉ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ተራራው በሁለት ዓመት አይለወጥም፣ አንድ ሰው ለዓመታት ተመላልሶ ያገኘውን ብርሃን እርስዎ በሦስት ቀን ጉዞ አያገኙትም። ለከተማዋ ፎቶ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የፋሲል ግቢ በቅርብ ዓመታት እድሳት ተደርጎለታል፣ የኮሪደር ልማቱም የመንገዶቹን ገጽታ ቀይሯል፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተነሣ ፎቶ ዛሬ እንግዳው የሚያየውን አያሳይም። ፎቶው መቼ እንደተነሣ በጽሑፍ ይጠይቁ። ግቢውን ለንግድ ማስታወቂያ በአዲስ መልክ ማንሣት ከተፈለገም የቅርሱን አስተዳደር ማስፈቀድ ይገባል።

ቤቱ ለኪራይ በደላላ በኩል የሚታይ ከሆነ ንጹሕ መስኮትና ቀጥ ብሎ የተያዘ ስልክ ይበቃል፤ ለዚህ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም።

የፋይል ርክክብ ለሁለቱም ሥራ እኩል ይመለከታል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ 6000 በ4000 ፒክስል ስፋት አለው፤ ይህም በጥሩ የኅትመት ጥራት 50 በ33 ሴንቲ ሜትር ያህል ወረቀት ይሞላል፤ ለብሮሸርና ለግድግዳ ፎቶ ይበቃል። ያንኑ ፎቶ በቴሌግራም በተለመደው መንገድ ከተቀበሉት ግን ተጨምቆ ይደርስዎታል፤ በፋይል መልክ እንዲላክ ወይም በፍላሽ ዲስክ እንዲሰጥ ይጠይቁ። የፎቶው መብት በማን እጅ እንደሚቀር፣ ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግልና ለሌላ ሆቴል መሸጥ መቻል አለመቻሉም በውሉ ይጻፍ፤ የመልክዓ ምድር ፎቶ በብዛት የሚሸጠው ለብዙ ገዢ ስለሆነ፣ ያንኑ ገደል በጎረቤትዎ ባነር ላይ እንዳያዩት ከፈለጉ ፎቶውን ብቻዎን ለመጠቀም የሚጠየቀውን ዋጋ መክፈል ይኖርብዎታል።

ምርጫውን ለእኔ ብትተዉልኝ፣ በፒያሳ ወይም በቀበሌ ውስጥ ላለ ማረፊያ በጀቱን ከሞላ ጎደል ሁሉንም በክፍሎቹ ላይ አውለው ነበር፤ የተራራውን አንድ ወይም ሁለት ፎቶ ደግሞ ከማኅደር እገዛለሁ፣ ድሮኑን እተወዋለሁ። በደባርቅ ወይም በተራራው ጠርዝ ላይ ላለ ሎጅ ግን እንግዳው የሚመጣው ለዕይታው ነውና ሚዛኑ ይገለበጣል፤ የጥቅምትን ቀጠሮ ከሰኔ በፊት መያዝ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በዚያ ወር ጥሩ ፎቶ አንሺ ሁሉ ተራራ ላይ ነው።