ፎልስ ቸርች ላይ የሜዲትራኒያን ምግብ፦ ምን ይታዘዛል፣ ምን ይጠየቃል

የቨርጂኒያዋ ፎልስ ቸርች ትንሽ ከተማ ናት። ስፋቷ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ነዋሪዋ እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ 14,658 ነበር። አጠገቧ ያሉት ስካይላይንና ቤይሊስ ክሮስሮድስ የሀበሻ ሱቅና ምግብ ቤት የሞላባቸው ሰፈሮች ናቸው፤ ስለዚህ ከእንጀራ ሌላ ያማረው ወይም ጾም የያዘው ወገናችን ጎራ ከሚልባቸው ቤቶች መካከል የሊባኖስ፣ የግሪክና የቱርክ ምግብ ቤቶች ይገኙበታል። ምግቡ በአካባቢው አዲስ አይደለም። በጎረቤት አርሊንግተን የአቢ ነጅም ቤተሰብ ሌባኒዝ ታቨርናን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው።

«ሜዲትራኒያን» የሚለውን ስም ግን በጥንቃቄ አንብቡት። ባሕሩን የማይነኩት የኢራንና የአፍጋኒስታን ኬባብ ቤቶችም በራቸው ላይ ይጽፉታል። በእነሱ ቤት ኬባቡንና ሩዙን እዘዙ፤ ጥበባቸው እዚያ ላይ ነው። የሊባኖስ ቤት ከሆነ በትንንሽ ሳህን የሚቀርበውን መዜ አስቀድሙ። ለአራት ሰው ሁለት ቀዝቃዛና ሁለት ትኩስ መዜ፣ ከዚያ ለሁለት ሰው የሚሆን የተደባለቀ ጥብስ በቂ ነው። ዳቦው እየተጨመረ ስለሚመጣ ከዚያ በላይ ያዘዘ ጠቅልሎ ይዞ ይሄዳል።

ቤቱን በሁመሱ መዝኑት። በደንብ የተሠራ ሁመስ ሽምብራው ሌሊቱን ተዘፍዝፎ፣ በጣት ሲነካ እስኪፈርስ ተቀቅሎ የተፈጨ ነው፤ ጣሂኒው፣ ማለትም የተፈጨው ሰሊጥ፣ ደግሞ አይሰሰትበትም። ለሁለት ወይም ለሦስት ስኒ የተቀቀለ ሽምብራ አንድ ስኒ ጣሂኒ ቢገባ አይበዛም። ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ ካለ ሽምብራው በደንብ አልበሰለም። ጉሮሮ የሚቧጥጥ ኮምጣጤነት ካለው ሎሚ በዱቄት አሲድ ተተክቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ወዲያው ከቀረበ ደርቆ ይጠጥራል፤ ሩብ ሰዓት ጠብቁት፣ ጣዕሙ ይመለሳል። ስለ ጣሂኒው አንድ ነገር ማወቅ ደስ ይላል፦ የእስራኤልና የፍልስጤም ጣሂኒ ሠሪዎች አጥብቀው ከሚፈልጉት ሰሊጥ አንዱ የሁመራ ሰሊጥ ነው። ዘይቱ ብዙ፣ ጣዕሙ ለስላሳ ነው።

ፈላፍል፣ ማለትም በዘይት የሚጠበሰው ድቡልቡል፣ የሚሠራው ካልተቀቀለ፣ ከተዘፈዘፈ ሽምብራ ነው፤ በባቄላ የሚሠሩትም አሉ። ሽምብራው ከተቀቀለ ሊጡ ዘይት ውስጥ ይበተናል፤ እንዳይበተን ዱቄት ሲጨመርበት ደግሞ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። አንዱን ሰብራችሁ እዩት፦ ውስጡ አረንጓዴ፣ ፍርክስክስና እንፋሎት የሚያወጣ መሆን አለበት። ቡናማና ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ቆይቷል ወይም ዱቄት በዝቶበታል። «አሁን ጥበሱልኝ» ማለት ያስኬዳል፤ አምስት ደቂቃ አካባቢ ቢወስድ ነው።

ሻዋርማ በሰዓቱ ይበላል። በምሳና በእራት ግርግር ሥጋው ከሚሽከረከረው ብረት ላይ ትኩስ ትኩሱ ይላጣል። በመሀል ባሉት ሰዓታት ግን ተቆርጦ በሳህን የቆየው እንደገና ይሞቃል፣ ይደርቃልም። የተደራረበ እውነተኛ ሥጋ ሲቆረጥ ጭረቱ ይታያል፤ እንደ ሳሙና ለስልሶ የሚወርደው ተፈጭቶ የተጋገረ ነው፤ በግሪክ ጋይሮ ቤቶች በብዛት የምታገኙት ይሄኛውን ነው። ታቡሌ የሚባለው የፐርስሊና የተከካ ስንዴ ሰላጣ ላይ ደግሞ ፐርስሊው መብለጥ አለበት። ቂንጬ መስሎ ከመጣ በስንዴ ተሞልቷል ማለት ነው።

ሥጋው ሐላል መሆኑ ለአንዱ ደንበኛ የመግቢያ ምክንያት፣ ለሌላው የሃይማኖት ጥያቄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሩ ላይ ይለጠፋል፤ ካልተለጠፈ ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ነውር የለውም። አብራችሁ የምትቀመጡት የተለያየ እምነት ካላችሁ የአትክልት መዜው ሁሉንም ያስማማል።

ጾመኛ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ቬጀቴሪያን» የተባለው ምግብ አይብና ቅቤ ሊኖረው ስለሚችል «ቪጋን» በሉ። አስተናጋጁ ከሊባኖስ፣ ከሶርያ ወይም ከግብፅ ከሆነ «ሲያሚ» ብትሉት ይገባው ይሆናል፤ የዚያ አገር ክርስቲያኖች የጾም ምግባቸውን የሚጠሩበት ቃል ነው፣ ሥሩም ከእኛው «ጾም» ጋር አንድ ነው። ሩዙ በቅቤ ሊሠራ ይችላል፣ በተለይ ቀጭን ፓስታ የተቀላቀለበት። የምስር ሾርባው በዶሮ መረቅ የሚሠራበት ቤት አለ። ቱም የሚባለው ነጭ የነጭ ሽንኩርት ማባያ በትክክለኛው አሠራር ዘይት፣ ሎሚና ጨው ብቻ ነው የሚገባበት፤ እንዳይለያይ ብለው የእንቁላል ነጭ የሚጨምሩ ግን አሉ። ባባ ጋኑሽ በሚባለው የተጠበሰ ደበርጃን ማባያ ውስጥ እርጎ ይገባ እንደሆነ ጠይቁ። የወይን ቅጠል ጥቅሉ ቀዝቅዞ በዘይት የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ የጾም ነው፣ ትኩሱ ደግሞ ሥጋ አለበት። የስፒናች ኬኩም እንደ አገሩ ይለያል፦ የሊባኖሱ ፈታየር በሽንኩርት፣ በሎሚና ሱማቅ በሚባል ኮምጣጣ ቅመም ይሞላል፣ የግሪኩ ስፓናኮፒታ ግን ፌታ አይብ አለበት። የተጠበሰ ድንች ከዶሮ ጋር በአንድ ዘይት ይጠበስ እንደሆነም መጠየቅ ይቻላል።

በጾም ከሁሉ የምንመርጠው ሙጀደራን ነው፤ ምስርና ሩዝ ወይም ቡርጉል (የተከካ ስንዴ)፣ በላዩ እስኪጠቁር የተጠበሰ ሽንኩርት። ከሽንኩርቱ ካልሰሰቱ በስተቀር የሚበላሽበት መንገድ ጥቂት ነው። ፉሉ አዲስ አበባ ለቁርስ እንደለመድነው አይደለም። ቃሪያና በርበሬው ይቀርና ሎሚ፣ ከሙንና የወይራ ዘይት ይበዛበታል፤ ቃሪያ ለብቻ ማዘዝ ይቻላል።

ሂሳብ ላይ የሽያጭ ግብር 6 በመቶ ነው፤ ከተማዋ ለምግብ ተጨማሪ ግብር ታስከፍላለች። ጉርሻው ከ18 እስከ 20 በመቶ ነው፤ ለብዙ ሰው ሲሆን ቀድሞ ተደምሮ ሊመጣ ስለሚችል ደረሰኙን አንብቡ።

ወደ ቤት የምትወስዱ ከሆነ የፈላፍሉን ክዳን በትንሹ ክፈቱት፣ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። የፋቱሽ ሰላጣ ማጣፈጫና የተጠበሰው ዳቦ ለየብቻ ይታሸግላችሁ። እዚያው ከቆያችሁ ግን ቡናውን ሳትጠጡ አትነሱ። በሄል የሚፈላ፣ አተላው ከስኒው ሥር የሚቀር ነው። ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ ምን ያህል እንደምትፈልጉ ስታዙ ተናገሩ፤ ከቀረበ በኋላ ካማሰላችሁት አተላው ይነሳል።